ሩዝ ልካ ጨው የተመለሰላት

ቬዳቫሊ ስታንኳኳ ሳምፓት መጥረጊያ እንደያዘ በሩን ከፈተላት። ኩምባኮናም ከተማ ውስጥ ከቤቷ ጎን ያለውን ቤት ተከራይቶ የገባው ትናንት ነው። ጢሙ ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል።

«ምን ያስቅዎታል?» አላት።

«ሸረሪቷ ቤቴን መልስ እያለችዎት ነው» አለችና የነሐሱን ድስት አስጨብጣው ፈጥና ተመለሰች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ...

ድስቱ ውስጥ በጎምዛዛው የሁመር ፍሬ የተሠራ ሩዝ ነበር። ዕለቱ የፑራታሲ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። በዚህ ወር ቅዳሜ ሩዙ አስቀድሞ ለአምላካቸው ለፔሩማል ይቀርባል፤ ለአምላክ የሚቀርብ ደግሞ ሲሠራ አይቀመስም። ሁመሩን ዘፍዝፋ ጨምቃለች፣ ሰናፍጩን በሰሊጥ ዘይት አንጣጥታለች፣ በርበሬና ለውዝ ጨምራ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አንተክትካለች። ቤቷ ገብታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጎርስ ግን ክው አለች። ጨው የሚባል አልነካውም!

አመሻሹ ላይ ሳምፓት ድስቱን መለሰላት። ክዳኑን ብታነሳው እስከ አፉ ድረስ ጨው ነው።

ፊቷ ጋለ። በሩን ዘጋችበት።

ባሏ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗል። ታናሽ ወንድሟ ሙራሊ ቤቱን ዘግታ ቼናይ እሱ ዘንድ እንድትኖር ሲለምናት አሻፈረኝ ስትል ኖራለች። እዚያ የምትኖረው በሰው ቤት፣ በሰው ማድቤት እንደሆነ ታውቃለች። ያን ዕለት ግን ደውላ «ና ውሰደኝ» አለችው። ያቃጠላት ጨው ብቻ አልነበረም። እዚያ በር ላይ ስትስቅ ልቧ ለአፍታ ተስፋ አድርጎ ነበር።

በሳምንቱ ሙራሊ መጣ። ሻንጣዋን ሲያወጣ ሳምፓት አጥሩ ጋ ቆሞ ምን እንዳጠፋ ጠየቃት።

«ጨው ብረሳ ጨው ልከው ቀለዱብኝ።»

ሰውየው ደነገጠ። እየተንተባተበ አስረዳት። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ አዲስ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚገባው ጨውና እርድ ነው። ያን ቀን እቤቱ ሌላ ነገር አልነበረም። ይህን ወግ እሷም ታውቀዋለች፤ ንዴት ነው ያስረሳት።

«ታዲያ ሩዙ አልጫ መሆኑን አላወቁም?»

«አወቅኩ እንጂ። ግን ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብሎ ሩዝ በእጁ ያዋሐደልኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ላመሰግንዎት ስመጣ በሩን ዘጉብኝ።»

ቬዳቫሊ እንባዋ መጣ።

«አይሂዱብኝ» አላት ቀስ ብሎ።

«እትዬ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው» አለ ሙራሊ።

«አንተን እንዳያመልጥህ ሩጥ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል! ሻንጣዬን አስገባልኝ።»

ሙራሊ ሁለት ወር አኮረፈ። በሠርጓ ቀን ግን የአበባ ጉንጉን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ መጣ።

በዓመቱ፣ በፑራታሲ ቅዳሜ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ለፔሩማል ከበራው መብራት ፊት ቆሙ። ቬዳቫሊ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

«ምን ስትለምኚ ነው ይህን ያህል?» አላት ሳምፓት።

«የምለምነው አጣሁ። ተመስገን እያልኩ ነው፤ ገና አልጨረስኩም።»

እሱም አጠገቧ እጆቹን አጋጠመ። ሩዙ እስኪቀዘቅዝ ጠበቃት።