ሰማዩ የተዘጋ ሰሞን

ሰኢዳ ሻንጣዋን እየጎተተች የሰመራ አየር ማረፊያ በር ላይ ስትደርስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ውጭ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። እሷም ቀና አለች። ምንም የለም። ሰማዩ እንደ ወትሮው ነጥቷል፤ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል።

በሩ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት ቆሟል።

«እህቴ፣ ዛሬ በረራ የለም። የአየር ክልሉ ተዘግቷል።»

«ለምን?»

«አልተነገረንም።»

«እስከ መቼ?»

«አልተነገረንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የተነገራችሁ?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «ተዘግቷል ተብሎ ነው የተነገረን።»

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ሰኢዳ ግን ሳቋ አልመጣም። በሳምንቱ መጨረሻ ቱርክ አገር፣ ኢዝሚር ከተማ መድረስ አለባት። እዚያ ያለ የውሃ ጥናት ድርጅት የሥራ ቦታ ይዞላት ይጠብቃታል፤ ከዘገየች ለሌላ ሰው ይሰጥባታል።

ገና ልጅ እያለች ነው ለትምህርት ወደ ቱርክ የሄደችው። ስለ ወንዝና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ተምራ፣ ዱብቲ እናቷ ቤት ከተመለሰች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ሰመራ ያለው ዩኒቨርሲቲ «ነይና አስተምሪ» ቢላት እሺም እምቢም ሳትል ከረመች። ቱርክ እያለች የሰው አገር ሰው ነበረች። ዱብቲ ስትመለስ ደግሞ ጎረቤቱ «እንግዳዋ» ይላታል። ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እንግዳ ከሆንኩማ፣ አለች ለራሷ፣ በሚከፈለኝ አገር ልሁን።

«ሻንጣሽ እዚህ ይቀመጥልሽ» አላት ወጣቱ። «ነገ ብቅ በይ።»

«ነገ ይከፈታል ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም። ነገ ብቅ በይ ነው ያልኩት።»

ስሙ አብዱልበሲጥ ይባላል። የአፋምቦ ልጅ ነው።

የዚያን ቀን ሰመራ አንገቷን ቀና አድርጋ ዋለች። ከአየር ማረፊያው መንገድ ማዶ ባለችው የንጋትወርቅ ሻይ ቤት ጥላ ሥር የተቀመጠው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይዞ መጣ። አንዱ እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው አለ። ሌላው አንድ ትልቅ ሰው በላያችን ሊያልፍ ነው አለ። ሦስተኛው ከህዋ የሚወድቅ ብረት አለ፣ የት እንደሚያርፍ ስላላወቁ ነው ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«እኔ በበኩሌ ሰማዩን እያጠቡት ነው ባይ ነኝ» አለች ንጋትወርቅ ብርጭቆ እያለቀለቀች። ከቆቦ ዱብቲ ድረስ ጥጥ ለመልቀም መጥታ በዚያው የቀረች ሴት ናት። «አቧራው እኮ በዝቶ ነበር።»

«ነገር ባይኖር ኖሮ ምክንያቱን ይነግሩን ነበር» አለ አንዱ።

«ነገር ቢኖርም አይነግሩንም» አለች ንጋትወርቅ።

አብዱልበሲጥ ሻይ ሊጠጣ ብቅ ሲል ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«አንተ ታውቃለህ» አለው ባለ ብረቱ።

«አላውቅም።»

«እዚያው እየዋልክ?»

«ወላሂ አላውቅም።»

«ይኸው ማለ። ያውቃል ማለት ነው።»

አብዱልበሲጥ ፈገግ ብሎ ወደ ሻዩ አቀረቀረ። ሰኢዳ ከወዲያ ሆና አየችው። የሚዋሽ ሰው እንዲህ አያፍርም ብላ አሰበች፤ ወዲያው ግን ተጠራጠረች። መጠራጠር ልማዷ ነው።

በማግስቱ ሄደች። «አልተከፈተም። ነገ ብቅ በይ» አላት። በሦስተኛውም ቀን ሄደች። እሱ ያለችውን አንዲት ወንበር ወደ ሐኪም ለምትሄድ አሮጊት ለቆ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሰው ይቆጣዋል፣ ይሰድበዋል። እሱ ለሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ሰኢዳ መልሷን ተቀብላ መሄድ ሲገባት፣ ንጋትወርቅ ጋ ተቀምጣ ሻይ የሚጠጣበትን ሰዓት መጠበቅ ጀመረች።

«አላውቅም ማለት አይሰለችህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ይሰለቸኛል። ግን ሌላ ምን ልበል?»

«ሰው የሆነ ነገር ብትለው ደስ ይለው ነበር።»

«አባቴ ግመል ነጂ ነበር» አላት። «መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ጥላ ፈልገው ይቀመጡና ዳጉ ይለዋወጣሉ። ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ ከማን እንደሰማ ጭምር ይናገራል። ከራሱ የጨመረ ሰው ዳግመኛ ወሬውን የሚቀበለው የለም። አንቺ ዳጉ ትችያለሽ?»

«ረስቼዋለሁ።»

«አይረሳም።»

«ለአንተ ነው የማይረሳው። እኔ እንግዳ ነኝ።»

«ማነው እንግዳ ያለሽ?»

ሰኢዳ ሻይዋን ወደ አፏ ወሰደች። እሱም አልጨቀጨቃትም። ቀና ብለው ባዶውን ሰማይ አብረው አዩ...

ወሬውን ይዞት የመጣው አምባዬ ነው። አምባዬ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ድሮ የዱብቲን ጥጥ ሲጭን ከእናቷ ቤት ውሃ እየጠጣ ያለፈ የቤተሰብ ወዳጅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ። «አብሮሽ ሊበር የነበረ አንድ የሎጊያ ነጋዴ እኮ ገና በመጀመሪያው ቀን በመኪና ሄዷል። የአየር ማረፊያው ልጅ ራሱ ‹በመንገድ ሂድ› ብሎት። ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

ሰኢዳ ተነስታ መንገዱን ተሻገረች።

«ነጋዴውን በመንገድ ሂድ ብለኸዋል?»

አብዱልበሲጥ ቀና አለ። «ብዬዋለሁ።»

«ታውቅ ነበራ!»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለእሱ ሂድ፣ ለእኔ ነገ ብቅ በይ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ያ ሁሉ ሰው ሲሰድበው ዓይኑን ያልሰበረ ሰው፣ አሁን አቀረቀረ።

«ሻንጣዬን ስጠኝ» አለች።

አምጥቶ ሰጣት። አሁንም ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ግን ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው ብላ ተረጎመችው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ እስኪደርሱ በአምባዬ ጋቢና ውስጥ ብዙም አላወራችም። ከተማው በቆሙ የጭነት መኪኖች ተጨናንቋል። አምባዬ ምሳውን ሊበላ ገባ። እሷ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ፣ ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች የግራር ጥላ ሥር ተቀመጠች።

አንድ ሽማግሌ በትሩን እየተመረኮዘ መጣ። ወደ ሰመራ የሚወርድ መኪና እየጠበቀ ነው። ፊቷን አይቶ በአፋርኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። የአባቷን፣ የአያቷን፣ የጎሳዋን ስም ነገረችው። ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ሰኢዳ ደነገጠች። ይህን የዳጉ ጥያቄ በልጅነቷ አባቷ ሲጠየቅ ሰምታለች እንጂ ለእሷ አቅርቦላት የሚያውቅ የለም።

«ሰላም ነው አባ፣ አልሀምዱሊላህ። ሰመራ ላይ ሰማዩ ተዘግቷል። የአየር ማረፊያው ሰው ለምን እንደተዘጋ እያወቀ ከሕዝቡ ደበቀ።»

«ያውቅ ነበር ያለሽ ማነው?»

«ሾፌሩ።»

«ሾፌሩ ከማን ሰማ?»

«ከሰው...»

«እሱን ራሱን አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅኩት። ነጋዴውን በመንገድ ሂድ እንዳለው አመነ። ምንም አላውቅም ነበር ግን አለ።»

«ከባለቤቱ አፍ የሰማሽው እንግዲህ ‹አላውቅም› ነው። ያውቃል የሚለውን ከመሃል የጨመረው ማነው?»

ሰኢዳ በእግሯ አፈሩን ጫረች።

«እኔም ጨመርኩ» አለች።

«እንግዲያው እሱን አልወስድም» አለ ሽማግሌው ያለ ቁጣ። «ያየሽውን ንገሪኝ።»

ተናገረች። ባዶ ሰማይ አየሁ። ወንበሩን ለታመመች አሮጊት ሰጥቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው አየሁ። ሰው ሲሰድበው መልሶ አይሳደብም። በየጠዋቱ እየሄድኩ ተከፈተ ወይ እለዋለሁ፤ አልተከፈተም ይለኛል። እኔም...

«አንቺም?»

«አልተከፈተም ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው።

«ይሄ የሰማሽው ነው ወይስ ያየሽው?»

«ያየሁት ነው አባ። በራሴ ላይ።»

ሽማግሌው ፊቱ በሳቅ ተሸበሸበ። በትሩን ይዞ ተነሳ። «እሱን እወስዳለሁ።»

«አባ፣ እሱንስ አይውሰዱ!»

«ከሰጠሽኝ በኋላ?»

የሚጠብቀው መኪና ደርሶ ነበር። ተሳፍሮ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ምሳውን ትቶ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ደጅ ወጥቶ አንጋጠጠ። አምባዬም ጉርሻውን እያላመጠ ስልኩን ከፈተ።

«ተከፍቷል ይላል።»

«ለምን ተዘግቶ ነበር ይላል?»

«እሱን አይልም። በይ ተነሺ፣ በጊዜ አዲስ አበባ አደርስሻለሁ። ኢዝሚርሽም አያመልጥሽ።»

ሰኢዳ አልተነሳችም። በየጠዋቱ ለምን ደስ እንዳላት አሁን ገባት። መሄድ የምትፈልገው እሷ አልነበረችም። መሄድ የፈለገችው ያቺ «እንግዳዋ» የተባለችው ናት። አሁን ደግሞ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ የማን ልጅ ነሽ ብሎ፣ ወሬዋን እንደ ማንኛዋም የአገሩ ልጅ መዝኖ፣ ያልሆነውን ጥሎ የሆነውን ይዞላት ሄደ።

«ጋሽ አምባዬ፣ ሻንጣዬን ያውርዱልኝ። እመለሳለሁ።»

«ምን ረሳሽ?»

«መልሱን ሳልሰማ ነው የመጣሁት።»

አምባዬ ሻንጣውን አውርዶ ራሱን እያከከ አያት። «ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አይደል?» አለ። «እናትሽ ውሃ ከከለከለችኝ ባንቺ ነው የማሳብበው።»

በማግስቱ ሚኒባሷ ሚሌ ስትቆም፣ የፍየል ወተት የምትሸጥ ሴት በመስኮቱ አተኩራ አየቻት።

«አልተከፈተም ሲላት ደስ የሚላት አንቺ ነሽ?»

ሰኢዳ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ሚኒባሷ ሙሉ ሰው ሳቀባት።

ሰመራ ስትደርስ ንጋትወርቅ ገና ከሩቅ ጮኸች። «ነይ፣ ነይ! ወሬሽ እኮ ቀድሞሽ ደርሶ ሻይ ጠጥቷል።»

አብዱልበሲጥ ከጥላው ሥር ተነስቶ ቆመ። ሻይ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አየሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ያየሁትን ሰምተሃል። አሁን የእኔ ተራ ነው» አለች። «ነጋዴውን ለምን በመንገድ ሂድ አልከው?»

«ለሁሉም ብያለሁ። ‹መቼ እንደሚከፈት አላውቅም፣ የቸኮለ በመንገድ ይሂድ› ብያለሁ። እዚያ በር ላይ ለመጣ ሰው ሁሉ።»

«ለእኔ አላልክም።»

«ለአንቺ አላልኩም።»

«ለምን?»

አሁንም ዓይኑ ወደ መሬት ሊወርድ ሞከረ። መለሰው።

«እንዳትሄጂ።»

ባለ ብረቱ ወንበሩን ከግድግዳው ወደ እነሱ አስጠጋ።

«ተመስገን» አለች ንጋትወርቅ። «በመጨረሻ አንድ ነገር ተነገረን።»

ሳቁ መንገዱን ተሻገረ። ሰኢዳም ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «በዚያን ቀን ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ሥራሽን ላስቀርብሽ? ሐቁ አንቺንም በመንገድ ሂጂ ማለት ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።»

«ሥራማ እዚህም አለ» አለች። «ዩኒቨርሲቲው መልሴን እየጠበቀ ነው።»

ለኢዝሚር በዚያው ቀን ደውላ ቦታውን ለቀቀች። ከጥቂት ወራት በኋላ ኒካሃቸው ዱብቲ እናቷ ቤት ታሰረ። አምባዬ ውሃም አልተከለከለ፣ ሥጋም አልቀረበት። «እኔ ያንን ወሬ ባላመጣ እናንተ እስከ ዛሬ ሻይ እየጠጣችሁ ነበር» እያለ ይመጻደቃል። ጎረቤቱም «እንግዳዋ» ማለቱን ትቶ «የሰማይዋ» ይላታል። ይህኛውን ወዳዋለች።

ሰማዩ ለምን እንደተዘጋ እስካሁን የነገረን የለም። ንጋትወርቅ ጋ ባለ ብረቱ አሁንም ብረቱን ይጠብቃል። አብዱልበሲጥን የጠየቀው ሁሉ ያቺኑ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሰኢዳን የጠየቋት እንደሆነም፣ «ለምን እንደተዘጋ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ትላለች።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«ሲዘጋ ግን እዚያው ነበርኩ።»