በአንድ ስንዝር ያጠረው ሳጥን

የወረታ ከተማና የፎገራ ሜዳ ሕዝብ ሆይ! አናጢው አንለይ የሠራው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫ ሳጥን በአንድ ስንዝር አጥሮ መገኘቱን የሰማህ ላልሰማ ንገር፤ ያልሰማህም ሰምተህ እዘን።

ይህን አዋጅ ያወጀ መንግሥት የለም። ነገር ግን በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. መጋቢት ወር በወረታ ገበያ ከዚህ የሚበልጥ ወሬ አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት ጡረተኛው ቴሌፎንኛ ገብረ ኪዳን ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣና፣ «አራት ክንድ ሲሉህ በማን ክንድ ብለህ አትጠይቅም?» ሲል በሰው መሐል ጮኸ። አንለይም፣ «ክንድ ክንድ ነው!» ብሎ መለሰለት። ገበያተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሰኞ ገብረ ኪዳን ሞቶ ተገኘ። የቅዳሜው ሳቅ ማስረጃ ሆነ።

ፖሊሱ የመቶ አለቃ አበረ ከደብረ ታቦር ሲደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ሟቹ የሚኖረው ከከተማው ርቆ፣ ርብ ወንዝ አጠገብ፣ የመንገድ ሠራተኞች ትተውት በሄዱት የቆርቆሮ ቤት ነው። አንለይ እጆቹን በሰንሰለት ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሲመሽ ወደ ደብረ ታቦር ይወሰዳል፤ እንደሚሰቀልም የሚጠራጠር የለም። የጎደለው ገመድ ብቻ ነው፤ ገመድ ደግሞ ኡመር ሱቅ ሞልቷል።

አበረ ወደ ውስጥ ገባ። ሬሳው መደብ ላይ በጀርባው ተንጋልሏል። ጋቢ እስከ አገጩ ተሸፍኗል፤ ጫማው ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ መደቡ ላይ ግን የደም ጠብታ የለም። የኮቱ ጀርባ አሸዋ ይዟል። ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ማንኪያ አለ። ሁለት የሆነ ነገር ከጫማው በቀር የለም።

ሳጥኑ ጥግ ላይ ተጋድሟል። አበረ ክዳኑን በጣቱ ገፋው። ሁለት ቦዮች አሉት። በአንዱ ዘንጉ ተኝቷል፤ ሌላው ባዶ ነው። መልሶ ዘጋውና አንለይን አስጠራ።

«እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?»

«በዋንዛ ነዋ፣ ጌታዬ። ሳንቃውን ስድስት ወር ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ላግሁት። ቦዩን በመሮ ፈለፈልሁት። ክዳኑ እንዲህ እየተንሸራተተ ይገባል። ሚስማር የሚባል አልነካውም፤ በሰም ነው ያሸሁት።»

«ከዚያም አጠረ።»

«ዘንጉን ይዞ አልመጣ! አራት ክንድ ነው አለኝ፤ ለካሁ።» አንለይ የታሰሩ እጆቹን አነሣ። ቁመቱ ከመጋዙ እምብዛም የማይበልጥ ሰው ነበር። «እሱ እንደ ግመል ረጅም ነው፤ በየክንዱ ሦስት ሦስት ጣት በለጠኝ።»

«ተጣላችሁ?»

«ተሰዳደብን እንጂ! ሰው ለስንዝር ብሎ ሰው ይገድላል?»

«ዘንጉ አንድ ነው። ቦዩ ለምን ሁለት ሆነ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹አንዱ ለሚመጣ ሰው ነው› አለኝ።» አንለይ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፤ «ተዚህ ማን ይመጣበታል? ግን ዝም ብዬ ፈለፈልሁ።»

ቀጥሎ ባለሱቁ ኡመር ቀረበ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«እሑድ ጠዋት መንጠቆ ላደርስላቸው መጣሁ። ጃንጥላዬን ረሳሁ። ሰኞ ልወስድ ብመጣ... ወላሂ፣ ጃንጥላውን ትቼ ነው የሮጥሁት።»

«እሑድ ሳጥኑ የት ነበር?»

«እዚያው ጥግ፣ ባዶውን። ዘንጉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ‹ለዚያ ድንክ መልሼ አስረዝመዋለሁ› ብለው ሳቁ። ጋሽ ገብረ ኪዳን ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ሦስተኛው አያልነህ ነው፤ ከብት አርቢና የሟቹ ብቸኛ ጎረቤት። ከሁሉም ርቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል።

«ቅዳሜ ገበያ ወርደህ ነበር?»

«አልወረድሁም፣ ጌታው። ላሜ ምጥ ላይ ነበረች።»

«አንለይን ትጠረጥረዋለህ?»

አያልነህ ቀና አለ። «በስመ አብ! ምን ባደረገ? አጠረ አጠረ ይሉታል እንጂ ሳጥኑ ልኩ ነው። አሳምሮ ነው የሠራው። ፍቱት እንጂ፣ ልጆች አሉት።»

«ልኩ ነው?»

«ልኩ ነው። ምን ጎደለው?»

አበረ ብቻውን ወደ ወንዙ ወረደ። መጋቢት ርብን አሳንሶት፣ ውኃው በየጉድጓዱ ተኝቷል። በአንዱ ጉድጓድ ላይ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። ዳር ላይ ቡናማ ዱቄት ፈስሶ፣ በጫማ ተረግጧል። ከድንጋዩ ሥር ደም ደርቋል። አጠገቡ ክር የተጠመጠመበት የዘንግ ስባሪ አገኘ። በእጁ ለካው። አንድ ስንዝር።

ሲመለስ ሦስቱንም ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸውና ክዳኑን ገፍቶ ከፈተ። አንለይ ጮኸ።

«ገብቷል! እንዴት ገባ?»

«እኔም ይህን ነው የጠየቅሁት» አለ አበረ። «እሑድ ጠዋት ሳጥኑ ባዶ፣ ዘንጉ ረጅም ነበር። ሰኞ ዘንጉ ገብቶ ክዳኑ ተዘግቷል። ዋንዛ በአንድ ቀን አያድግም፤ ስለዚህ ያጠረው ዘንጉ ነው።» ስባሪውን ከጫፉ ጋር ገጠመው። «የተሰበረው ወንዙ ዳር ነው። ደሙም አሸዋውም እዚያ ነው። ገብረ ኪዳን እዚያ ሞቶ፣ ሰው ተሸክሞት መጣ።»

«ታዲያ ማን?» አለ ኡመር።

«ወረታ ሁሉ ሳጥኑ እንዳጠረ ያውቃል። ሠሪው ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ። ክዳኑን የገፋሁት ብቻዬን ሆኜ ነው። ልኩ መሆኑን የሚምል፣ የተሰበረውን ዘንግ በእጁ ያስገባ ሰው ብቻ ነው። አያልነህ፣ አንለይን ላድን ብለህ ራስህን ሰጠኸኝ።»

አያልነህ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጬ ወንዙ ውስጥ ስበጠብጥ መጣብኝ። ‹ዓሣ በመርዝ አይያዝም› አለ። ዱቄቴን በጫማው በተነው። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ከነዘንጉ ወደቀ። ድንጋዩ እዚያ መኖሩን...»

ኡመር ወደ አያልነህ ዞረ። «እሑድ ያመጣሁት መንጠቆ የሁለት ሰው ነበር። ‹ጎረቤቴን ዓሣ ማጥመድ አስተምረዋለሁ፤ ብርብራውን ይተዋል፤ እኔም የማወራው ሰው አገኛለሁ› ነው ያሉኝ።»

አንለይ የራሱን ሥራ፣ ባዶውን ቦይ፣ እንደ አዲስ ተመለከተ። ሰንሰለቱ ከእጁ ወልቆ ወደ አያልነህ እጅ ተሻገረ፤ ለአንለይ ሰፍቶት የነበረው ለአያልነህ ልክ ሆነ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለ አበረ። «ወንዙ ዳር ብትተወው፣ አንሸራቶት ወደቀ ብለን እንቀብረው ነበር። ማንም አይጠይቅህም። ለምን እዚህ ድረስ ተሸከምኸው? ጫማውን ለምን አወለቅህለት? ጋቢ ለምን አለበስኸው? ዘንጉንስ ለምን አስተኛኸው?»

አያልነህ ባዶውን ቦይ አየ።

«አልናገርም።»

«ፍርድ ቤት ይጠቅምህ ይሆናል።»

«አልናገርም አልሁ እኮ፣ ጌታው።»