ተራሮቹ ዝም ያሉበት ቀን

በዘረንታ መንግሥት ተራራ ሲጠሩት ይመልሳል። መንገደኛ ጉም ሲውጠው ይጣራል፤ ድምፁ ቶሎ ከተመለሰለት ፊቱ ቋጥኝ ነው፣ ከዘገየበት ገደል ነው፤ በዚህ እየተመራ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ የንግሥት ዕልዋ መለከት ከግንቡ ላይ ተነፍቶ አንድም ተራራ ሳይመልስ ሲቀር፣ ገበያተኛው ባለበት ቆመ፣ ፈረሶች ጆሯቸውን ቀሰሩ፣ ንግሥቲቱም ከዙፋኗ ተነሣች።

«ጉምዘል ነቅቷል» አለች።

ጉምዘል ከሸለቆ ሥር የሚተኛ፣ አካሉ ጉም፣ ምግቡ ድምፅ የሆነ አውሬ ነው። የተራሮቹን ድምፅ ውጦ አሁን ወደ ላይ እየተሳበ ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ካልተገታ፣ እርከነ ሰማይ በተባለው ረጅም ሸንተረር ማዶ ያለችውን የሸበል ከተማ ከነነፍሷ ይሸፍናታል። የሚገታውም ከጠሪዎች ቤት የተወለደ ሰው ብቻ ነው፤ ሸንተረሩን በአንድ ቀን ተጉዞ፣ እያንዳንዱን ጫፍ በስሙ ጠርቶ፣ የመጨረሻው ጫፍ ቀርነ ንስር ላይ አውሬውን የሚገጥም።

ከጠሪዎች ቤት የቀረችው ናርዳ ብቻ ነበረች። በልጅነቷ ወደ ባሕር ከተማ ወደ ኤልማር ለትምህርት ተልካ የተመለሰችው ባለፈው ክረምት ነው። አነጋገሯ የባሕሩን ዜማ ይዞ ስለመጣ የገበያ ሴቶች እየሰሟት ይሣሣቁ ነበር። እናቷ ያለችው ሸበል ነው።

በንግሥቲቱ ፊት ተንበርክካ እንዲህ ስትል ማለች፦

«ንግሥት ሆይ፣ የተራሮቹን ስም አባቴ በጆሮዬ አኑሮታል። ተራሮቹ እኔን ያውቁኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ቢያውቁኝም ባያውቁኝም፣ ከጀምበር ቀድሜ ቀርነ ንስር ላይ እቆማለሁ። በእናቴ ስም!»

የሸንተረሩ ጠባቂ ሽማግሌው አባ ነጎድና ፉከራ የማይሰለቸው የእናቷ ወንድም ልጅ ጎራው አብረዋት ወጡ። ሦስቱም ወገባቸውን በአንድ ጠፍር አያይዘው፣ በሶና የውኃ ቅል ይዘው፣ ፀሐይ የመጀመሪያውን ጫፍ ስትነካ መንገድ ጀመሩ።

እርከነ ሰማይ አንዳንድ ቦታ ፈረስ ያስጋልባል፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ምላጭ ቀጥኖ ቀኝ እግርን ከአንድ ገደል፣ ግራ እግርን ከሌላ ገደል በላይ ያስቆማል። ነፋሱ የጓሳውን ሣር መሬት ያስተኛል። የናርዳ እርምጃ ከመጀመሪያው ጫፍ ከወንበሮ ዳገት በፊት ይዘገይ ጀመር።

«የአክስቴ ልጅ» አለ ጎራው ከኋላዋ፣ «በባሕር አገር እግር የሚሰጣችሁ ለጌጥ ነው እንዴ? ኤሊ እኮ ቀደመችን!»

«አፍህን ዝጋና ተራመድ፤ ነፋሱ ገብቶ እንዳያነሣህ።»

«ሰሙ አባ ነጎድ? ‹ተራመድ› ስትል እንኳ ትዘፍነዋለች!»

«ተዋት» አሉ ሽማግሌው። «ዳገት ሰውን የሚያውቀው በላቡ ነው፣ በምላሱ አይደለም።»

ናርዳ እያንዳንዱን ጫፍ ከመርገጧ በፊት እንደ ሥርዓቱ ቆማ ጠራች። «ወንበሮ!» ዝም። «ነጭ ራስ!» ዝም። አውሬው ድምፃቸውን እንደወሰደ ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ዝምታው ‹አንቺ ማን ነሽ?› የሚላት ይመስላት ነበር። ወገልቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ዘረንታም ከእግራቸው ሥር ተዘርግታ ነበር፦ ወንዞቿ እንደ ብር ክር፣ ገብስ እርሻዎቿ እንደ አንበሳ ጎፈር። ናርዳ እግሯ መድማቱን ረሳች። በኤልማር ያየቻቸው ግንቦች ሁሉ አንድ ላይ ቢደረደሩ የዚህን ተራራ ቁርጭምጭሚት እንደማይደርሱ አሰበች፤ ቀና ብላም ቁልቁለቱን ጀመረች።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሸንተረሩ በሚቀጥንበት ቦታ፣ ጉሙ ደረሰባቸው። ከውስጡም ድምፅ መጣ።

«ጎራው! ወንድሜ ጎራው! እግሬ ተሰበረ!»

በእርከነ ሰማይ ላይ የተጠራ ሰው «አቤት» ይላል። ጥሪ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው በዘረንታ ሚስት አያገባም፣ ከጎረቤት እሳት አይጭርም። አባ ነጎድ እጃቸውን አንሥተው ሊከለክሉት ሞከሩ፤ ጎራው ግን ከነፍሱ ቀድሞ ምላሱ ተነሣ።

«አቤት! መጣ...»

ቃሉ አላለቀም። ጉሙ ድምፁን ከጉሮሮው መዘዘው፤ እግሮቹም በራሳቸው ወደ ገደሉ ሄዱ። ናርዳ ጠፍሩን በቋጥኝ ላይ ጠምጥማ ወደቀችበት፤ ሽማግሌውም አብረዋት ጎተቱ። ጎራው ከገደሉ አፋፍ ላይ ቀረ፤ አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣውም።

ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣ።

«ናርዳ! ልጄ! ወዴት ነሽ?»

የእናቷ ድምፅ ነበር። አባ ነጎድ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ... እውነት እናትሽ ብትሆንስ?»

በኤልማር ጎዳናዎች ሰው ይጣራል፣ ማንም ዞሮ አያይም። ናርዳ መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳበታለች፤ ኋላ ለመደችው፤ አገሯ ስትገባ ግን ይህን ልማዷን እንደ ቁስል ሸፍና ነበር። አሁን መዳፏን በአፏ ላይ ጫነች። ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ እየለመናት፣ በሌላ እጇ ድንጋዩን እየዳሰሰች፣ ሁለቱን በጠፍሩ እየሳበች ጉሙን ሰንጥቃ ወጣች።

ቀርነ ንስር ላይ ሲቆሙ የጀምበር ጠርዝ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከታች የሸበል መብራቶች በጉም እየተዋጡ ነው። ጉምዘልም ከሸለቆው ተነሣ፤ አፉ የሰማይን ግማሽ ያህል ነበር።

«ሆዱ የሚፈነዳው ከአቅሙ በላይ ሲጎርስ ነው» አሉ አባ ነጎድ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የእኔን ድምፅ ይውሰድ።»

«የእርስዎ ድምፅ የአንድ ሰው ነው» አለች። «በእኔ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ተራሮች ናቸው።»

«የተዋጠው ሁሉ ይመለሳል፤ ሆዱን ያፈነዳው ድምፅ ግን ለባለቤቱ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይኖርሽም።»

«አውቃለሁ።»

አውሬው እንደገና በእናቷ ድምፅ ጠራት፦ «ናርዳ!»

ናርዳ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች። በአንድ ትንፋሽ የተራሮቹን ስም ሁሉ ጠራች፤ ወንበሮን፣ ነጭ ራስን፣ ወገልቱን፣ አያቶቿ የጠሩትን ጫፍ ሁሉ፣ በዚያ በሚሣቅበት የባሕር ዜማ። በመጨረሻም ከጉሙ ጀምራ በአፏ የያዘችውን ቃል ለቀቀችው።

«አቤት!»

ጉምዘል ዋጠው። ተራሮችን መሸከም አልቻለም፤ ሆዱ ተቀደደ፣ ጉሙም ዝናብ ሆኖ ወደ ሸለቆው ወረደ። የሸበል መብራቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«...ሁ!» አለ ጎራው የተቆረጠውን ቃሉን ጨርሶ፣ በገዛ ድምፁ ደንግጦ። ከዚያ ናርዳን አየና ተንበረከከ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ከሸበል ግንብ ላይ፣ ከእውነተኛ ጉሮሮ፣ ጥሪ ወጣ።

«ናርዳ! ልጄ!»

አፏን ከፈተች። ምንም። የአገሯ ሕግ አንገቷን ሊያስደፋት ሲል፣ ከእግሯ ሥር ቀርነ ንስር መለሰ፤ ከዚያ ወገልቱ፣ ከዚያ ነጭ ራስ፣ ከዚያ ወንበሮ፦

«አቤት!... አቤት!... አቤት!»

በእሷ ድምፅ ነበር፤ የባሕሩ ዜማ ሳይጎድል።

«ሰሙ አባ ነጎድ?» አለ ጎራው እንባው በጢሙ እየወረደ። «ተራሮቻችን የባሕር ሰው ሆኑ!»

ናርዳ ጠፍሩን ከወገቧ ፈታች፤ በደማ እግሯ ቀና ብላ ወደ እናቷ መውረድ ጀመረች።