የዝግባው ወለል

«ሳንቃው ነገ ይነቀላል፤ ለበቅሎዬ ጋጣ ይሆናል» አሉ አቶ ለገሠ፣ የሰገነቱን ወለል በከዘራቸው እየጠቋቆሙ።

ገላነሽ የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «አይነቀልም።»

እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ደነገጡ። በዚያ ቤት አቶ ለገሠን እንቢ ያለ ሰው አልነበረም። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቷ አቶ አባይነህ አምና ካረፉ ወዲህ የቤቱን ነገር ሁሉ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

ሰገነቱን የሠሩት ግን አባቷ ናቸው። ዝግባውን ከጨርጨር በግመል አስመጥተው ሳንቃውን በገዛ እጃቸው መትተውታል። ያኔ ገላነሽ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ምስማር ታቀብላቸው ነበር። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። በእነዚያ ዓመታት ጭስ፣ የፈሰሰ ቅቤና የጫማ ጭቃ ወለሉን እንደ ድስት ቂጥ አጥቁረውታል።

«እሁድ ሙት ዓመቱ ነው። እንግዳ በዚህ ላይ አስቀምጬ ልዋረድ?» አሉ አጎቷ።

«እስከ እሁድ ስድስት ቀን አለ። እኔ አነጣዋለሁ።»

አቶ ለገሠ ሳቁ። «አንቺ? ይሁን እንግዲህ። እሁድ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ካልነጣ እንግዶቹ ምድር ቤት ይቀመጣሉ፤ ሰኞ አናጺው ይነቅለዋል።»

ማክሰኞን ሙሉ በአሸዋና በውሃ ፈተገችው። ሲደርቅ እንጨቱ ሻከረ እንጂ ጥቁረቱ አልለቀቀም። ረቡዕ በቢላ ፋቀችው። ዝግባ ለስላሳ ነውና ስለቱ ሰምጦ በረጅሙ ቦረቦረው። ያን ጊዜ አለቀሰች።

«ተይው ልጄ» አሉ እናቷ። «እንጨት ነው።»

«አልተውም።»

ሐሙስ በማለዳ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ወዳለው የአው ዐብዱረዛቅ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች። ሽማግሌው የጀጎል ተወላጅ ናቸው፤ ሁሉም «አው» ብሎ ያከብራቸዋል። አጎቷ ሳንቃውን እንዲነቅሉ የቀጠሯቸውም እሳቸውን ነበር።

«ሰኞ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ» አሏት፣ መጋዛቸውን ሳያስቀምጡ።

«እንዳይመጡ ብዬ ነው። እንዴት እንደሚነጣ ያሳዩኝ።»

ቀና ብለው አዩአት። «ሥራዬን ልታስቀሪብኝ፣ እኔው ላስተምርሽ?»

«አዎ።»

«ወላሂ፣ ደፋር ነሽ» ብለው ከጥግ የተሰበረ የመስኮት መስታወት አነሱ። ስለቱን በአሮጌ የዝግባ ቁራጭ ላይ ዘንበል አድርገው ወደ ራሳቸው ሲስቡት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር ፍቅፋቂ ተጠቀለለ፤ ከሥሩ ቢጫ እንጨት ብቅ አለ። «አትታገዪው። የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ሳቢ፤ አግድም ከሄድሽ ይቆስላል። ሲያልቅ የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ ስስ አድርገሽ። እኔ ስጀምር ቢስሚላህ እላለሁ፤ አንቺም በጸሎትሽ ጀምሪ።»

ያን ቀን እስኪመሽ በጉልበቷ ተንበርክካ ፋቀች። የሰጧትን ስባሪ መስታወት በጨርቅ ብትጠቀልለውም ጣቷን ቆረጣት፤ በነጠላዋ ቅዳጅ አስራ ቀጠለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተንበረከኩ። አንድ ስባሪ አንስተው ሌላውን ጥግ ጀመሩ። ቅዳሜ ዘይቱን ቀብተው ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ወለወሉት። የረቡዑ ቡርቡር እንደነበረ ቀረ። የቀረው ወለል ግን የማር መልክ አወጣ።

እሁድ ጠዋት አቶ ለገሠ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«ደህና» አሉ ወለሉን ከተራመዱበት በኋላ። «አይነቀልም። ግን እንግዶች ከጠየቁ ያነጣው አናጺው ነው። የአባይነህ ልጅ ተንበርክካ ወለል ፋቀች ከተባለ ማን ለትዳር ይጠይቃታል? እጅሽንም በነጠላሽ ሸፍኚው።»

እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ተቀመጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ ጽጌ ሳንቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ለገሠ፣ ይህን እንዲህ ያነጣው ማን ነው?»

«አንድ የጀጎል አናጺ ነው፣ እመይቴ።»

ገላነሽ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ እናቷ ተመለከተች። እናቷ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች፤ እጇን የሸፈነውን ነጠላ አውልቃ ወገቧ ላይ አደገደገችና መልሳ አነሳችው። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ጽጌ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«እኔና እናቴ ነን ያነጣነው» አለች ውሃውን እያፈሰሰች። የታሰረው ጣቷና የጠቆሩት ጥፍሮቿ ከሁሉም ፊት ነበሩ።

አቶ ለገሠ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ወደ ቀጣዩ እንግዳ አልፋ ነበር።