ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ

ክርስትና በአዋጅ በታገደ በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በተጋመሰበት ሳምንት ሰኞ ማለዳ፣ የከተማይቱ ችሎት ከወትሮው ቀድሞ ተሰየመ፤ አዳራሹም ከዳር እስከ ዳር በሰው ጢም ብሎ ስለ ነበር ዘቦቹ በሩን መዝጋት ተስኗቸው እንዲሁ ተዉት። ተከሳሹ ሻማ ሠሪ ነበር፤ ዝምታ የሚወድ፣ ከሚስቱ በቀር ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ፣ እርሷንም ቢሆን በልቡ ብቻ የሚቆጣ ሰው። የተከሰሰው የመንግሥትን የእህል መጋዘን አቃጥለሃል ተብሎ ነው፤ ቅጣቱም ሞት ነበር።

መጋዘኑን እርሱ አላቃጠለም። ነገር ግን በስውር ለሚጸልዩ ክርስቲያኖች ሻማ የሚያቀርበው እርሱ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሻማና እሳት ምን ለያቸው ተባለና ተያዘ።

የምእመናኑ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ በጾሙ መግቢያ፣ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ትቆማላችሁ፣ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ ትባላላችሁ፣ ያን ጊዜ ምላሳችሁ እንዳይተሳሰር መልሱን ከወዲሁ ያዙት ብለው መክረዋቸው ነበር፤ ሻማ ሠሪውም ሰም ሲያቀልጥም ጋደም ሲልም ያንን መልስ ለራሱ ሲደጋግመው ከርሟል። ምስኪኑ ቄስ ግን ችሎት ረግጠው አያውቁም፤ ዳኛ ሌባውንም፣ ነፍሰ ገዳዩንም፣ የጎረቤት አጥር ያፈረሰውንም በዚሁ ቃል እንደሚጠይቅ ማን ይንገራቸው?

ዳኛው ክሱን በጸሐፊው አስነብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና፣ «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» አሉ።

«አምናለሁ» አለ ሻማ ሠሪው።

ድምፁ ራሱንም አስደነገጠው፤ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር። ከኋላ የቆሙት ምእመናን ሳያስቡት «አሜን» አሉ። ጠበቃው ግን እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። ይህ ጠበቃ ክርስቲያን አልነበረም፤ የሻማ ሠሪው ሚስት ደጁ እየተመላለሰች መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችው ብቻ ነገሩን የያዘ፣ ምላሱ እንደ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። ብድግ ብሎ፣ ደንበኛዬ ጥያቄው አልገባውምና ጥቂት ጊዜ ይፈቀድልን ሲል ለመነ፤ ዳኛውም ፈቀዱለት፤ በአሜኑ ምክንያት ግን ሕዝቡን ሁሉ ችሎት አውከሃል ብለው ከአዳራሹ አስወጡት።

ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሻማ ሠሪው፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቀ።

«መጋዘኑን አቃጠልህ፤ ያውም በገዛ አፍህ» አለው ጠበቃው። «እዚህ ቤት አምናለሁ ማለት አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ያላደረገ ሰው እክዳለሁ ይላል። ስለ ሃይማኖትህ የጠየቀህ የለም።»

ሻማ ሠሪው አላደረግሁም ብልስ ቢል፣ ዳኛው ሥርዓት ወዳጅ ናቸውና ከሁለቱ ቃል አንዱን ካልሰሙ ነገሩን ወደ ፊት አያስኬዱም ተባለ። ግድግዳው ማዶ እስር ቤት ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ወንድሞቹና እኅቶቹ እዚያ አሉ፤ አዋጅ ነጋሪውም ደጃፍ ቆሞ ውሳኔ ይጠብቃል። ካደ ተብሎ ቢጮህ ስንቱ ተከትሎት ይወድቅ ይሆን? አምናለሁ እንዳለ ቢሞትስ፣ የሚሞተው ለክርስቶስ ነው ወይስ ለተቃጠለ እህል? አልገባውም፤ ፈራም፤ ፍርሃቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነም መለየት አቃተው።

ሚስቱ ዘቡን በክርክር አድክማ ገባች። «አንተ ሰው፣ እግዚአብሔር የችሎት ቋንቋ የሚጠፋው መስሎህ ነው? በላ፣ ተናገርና ቤታችን እንግባ።»

«እርሱስ ያውቃል፤ እነዚያስ?» አላት፣ ወደ ግድግዳው እያመለከተ።

የተጣመመ ኮሌታውን አቀናችለትና ፊቷን አዞረች።

ወደ ችሎቱ ሲመለስ አዳራሹ ባዶ ነበር። ዳኛው ያንኑ ጠየቁት። ሻማ ሠሪው ቃሉን አንድ በአንድ እየመዘነ፣ «በእግዚአብሔር አምናለሁ፤ መጋዘኑን ማቃጠሌን እክዳለሁ» አለ። ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ የመጀመሪያው ከክሱ ውጭ ነውና አይጻፍ አሉ። ያ ቃል ቢጻፍ በአዋጁ እንደገና ያስከስሰው ስለ ነበር፣ ዳኛው ይህን ያሉት ለሥርዓቱ ሲሉ ይሁን አዝነውለት፣ ጠበቃውም ቢሆን እስኪሞት ድረስ አላወቀም። ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣረሱ፤ ከሰዓት በኋላም ሻማ ሠሪው በነፃ ተለቀቀ።

አዋጅ ነጋሪው በከተማው እየዞረ፣ ሻማ ሠሪው ካደ፣ ተለቀቀም ብሎ ጮኸ፤ በእስር ቤቱ ግድግዳ ሥርም እንዲሁ። በዚያ ሳምንት ከእስረኞቹ ከፊሉ እምነቱን ትቶ ወጣ፤ ከፊሉም ጸንቶ ሞተ፤ ማን በምን ምክንያት እንደ ወጣ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጠበቃው ላገኘው ሁሉ ነገሩን ቢያስረዳም፣ መናገር እንጀራው የሆነ፣ ያውም የማያምን ሰው ማን ይመነው? በፋሲካ ምእመናኑ ተሰብስበው ሲጸልዩ ሻማ ሠሪውን የጠራው አልነበረም። ያ ቀን ልቡን ሰበረው።

ዘመናት አለፉ፤ አዋጁም ተሻረ። ሻማ ሠሪው አርጅቶ ሊሞት ሲያጣጥር ወጣት ቄስ ተጠርቶለት መጣና፣ «አባቴ፣ ያምናሉ?» አለው።

«በምኑ?» አለ ሽማግሌው።

ቄሱ ሰምቶ የኖረው እውነት መስሎት አዘነ። ቢሆንም ዝቅ ብሎ፣ «በክርስቶስ» አለው።

«በእርሱማ አዎ። እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ የለም እኮ፣ ልጄ።»

በዚያች ከተማ በየዓመቱ በጾሙ ማብቂያ ጸንተው የሞቱት ስማቸው ይጠራል፤ የእርሱ አይጠራም፤ ልጆቹም የከሃዲው ልጆች ተብለው አደጉ። ሕዝቡ ያቆየው አዋጅ ነጋሪው የጮኸውን ቃል ነው፤ ዳኛው ምን ብለው ጠይቀው እንደ ነበር ግን ኋላ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።