የመጀመሪያው ውሃ ለመሬት ነው

ሲልቫነስ ናንተን ከመርከብ ሸራ ሰፊዎቹ ቤት የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። አራት ወር ጠፍቶ የከረመው ዝናብ የዚያን ዕለት ጧት ጥሎ አባርቶ ነበርና ልብሱ በስብሷል። ኢንስፔክተር ቨርሊን ሉቢ ትከሻውን ቀና ስታደርገው ግን ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደረቅ ነበር። ሰውዬው የሞተው ከዝናቡ በፊት ነው። ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ዓይኗን ጠረገች። ሲልቫነስ ለሠላሳ ዓመት ከመርከብ የሚወርዱ እንግዶችን በአንቲጓ አሮጌ የባሕር ኃይል ወደብ እያዞረ የአድሚራሎችን ታሪክ ሲተርክ የኖረ አስጎብኚ ነው። ልጅ ሳለች ከእንግዶቹ ኋላ ኋላ ስትከተለው «የኔ አድሚራል» እያለ ይጠራት ነበር።

አለቃዋ ደወለ።

«የእንግዶቹ መርከብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። አንድ እንግሊዛዊ ጧት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል አሉ። ወይ እሱን አስቀሪው፣ ወይ አዳልጦት ወደቀ ብለሽ ዝጊው።»

«ደረቅ ድንጋይ ምን ያዳልጣል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጌታዬ።»

የወደቡ ግቢ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ውስጥ ነበሩ። አንዱ ሚስተር ፔንፎልድ ነው፤ ከመርከቡ ቀድሞ ወርዶ የውጭውን በር ዘበኛ ለምኖ የገባ፣ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን።

«ተጨቃጭቀናል፤ አልክድም» አለ ባርኔጣውን እያሻሸ። «ዛሬ አድሚራሎቹን ትቼ ወደቡን የገነቡትን ባሮች ስም ነው የማነበው አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት የቅድመ አያቴን መርከብ ታሪክ ልሰማ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተናድጄ መድፎቹ ጋ ሄድኩ። ዝናቡ እዚያው ያዘኝ። ነገረኛ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ገዳይ አይደለሁም፣ ልጄ።»

ቨርሊን ወደ ሬሳው ተመለሰች። ከራሱ በላይ የጣራው አሸንዳ አለ፤ አፉ ወደ ግቢው ወይም የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ጉድጓድ የሚዞር ነው። አሁን ወደ ጉድጓዱ ዞሯል። በሟቹ እግር አጠገብ የእርግብ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ተከምሯል፤ የጉድጓዱ ውሃ ግን ኩልል ያለ ነው።

ሁለተኛዋን፣ የግቢውን ሥራ አስኪያጅ ዳሪያ ቡንን፣ ጠራቻት።

«ይህን አሸንዳ ማን ነው ያዞረው?»

«ይዞራል እንዴ? እኔ ተሰብሮ መስሎኝ ይጠገን ብዬ ትናንት ጽፌያለሁ።»

ዳሪያ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ ቶሮንቶ ቧንቧ እየከፈተች ያደገች ልጅ ናት። ከዛሬ በፊት እዚህ ዝናብ አይታ አታውቅም።

ሦስተኛው የግቢው አናጢ ኦዝመንድ ጀርቪስ፣ የሟቹ አብሮ አደግ ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የአያት ቅድመ አያቱ የኳሺ ስም በነሐስ ተቀርጿል፤ «አርባ ባሮች በጀልባ ሊያመልጡ ሲያሴሩ ተይዞ፣ በጅራፍ ሥር አፉን ያልከፈተው» ይላል።

«ጋሽ ኦዝመንድ፣ ዝናቡ ሲጥል የት ነበሩ?»

«እዚሁ አናጢ ቤቴ። አባርቶ ስወጣ ነው ወድቆ ያገኘሁት።»

«ሊያነባቸው ስላሰባቸው ስሞች ነግሮዎት ነበር?»

«የሲልቫነስ አፍ መቼ ያርፋል፤ የቱን ልቁጠርልሽ» አለ ቀና ሳይል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«አንቲጓ ወንዝ የላትም፤ የምንጠጣው ከጣራ የሚጠራቀመውን ዝናብ ነው» አለች። «የመጀመሪያው ውሃ ጣራ ያጥባልና ለመሬት ይለቀቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው አሸንዳው ወደ ጉድጓዱ የሚዞረው። ዛሬም ኩሱ ግቢው ላይ ፈሷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ ዝናቡ እየወረደ አንድ ሰው እዚህ ሬሳው አጠገብ ቆሞ አሸንዳውን አዙሯል። ሲልቫነስ እንዳንል ያኔ ሞቷል።»

«ታዲያ ሰውዬው ለምን ሰው አልጠራም?» አለ ፔንፎልድ።

«እሱን ነው እኔም የጠየቅኩት። እርስዎ እንግዳ ነዎት። ዳሪያ መዞሩንም አታውቅም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን ያደረገ እጅ ግን እዚህ አንድ ብቻ ነው።»

ኦዝመንድ እጆቹን አያቸው።

«አራት ወር ነው ያልዘነበው» አለ። «እሱ እዚያ ተኝቶ እጄ ዝም ብሎ ሄደ። ውሃው ይባክናል ብዬ።»

«ምን አደረገዎት፣ ጋሼ?»

«‹ኳሺ በጅራፍ ሥር ተናግሯል፣ የዚያ ዘመን ደብዳቤ አገኘሁ› አለኝ። እስክሞት ቆይልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ግን ስማኝ› ሲል ከደረጃው ላይ ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

ቨርሊን ከሟቹ ደረት ኪስ ያወጣችውን በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ፈታች። ዛሬ ለእንግዶቹ ሊያነበው ያዘጋጀው ነው። ጮክ ብላ ልታነበው አልፈለገችም፤ ግን አነበበችው።

«‹ኳሺ ሦስት ቀን ተገርፎ አልተናገረም። በአራተኛው ቀን የስምንት ዓመት ሴት ልጁን አምጥተው ጅራፉ ሥር አቆሟት። ያኔ ተናገረ። ወላጅ የሆናችሁ ሁሉ፣ ስሙን ስጠራ ባርኔጣችሁን አውልቁለት።›»

ፔንፎልድ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳሪያ ፊቷን አዞረች።

«‹ግን› ብሎኝ ነበር» አለ ኦዝመንድ። «አላስጨረስኩትም።»

ቨርሊን ካቴናውን አላወጣችም። ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው፤ መርከቡም በሰዓቱ ሄደ።