የካፖርቱ ትከሻ

ልብስ ሰፊዋ እናት ሀብቴ ብላ የምትቆጥረው ሦስት ነገር ነበራት፤ ሁለት ልጆቿና አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን። ሣጥኗ ውስጥ ከእናቷ የወረሰቻቸው አንድ ቀጭን የወርቅ ሐብል፣ ጥንድ ጉትቻና አንድ የብር ቀለበት ነበሩ። ባሏ ሞቶ፣ የስፌት መኪናዋ ተበላሽቶ፣ ልጆቿ ጦማቸውን ባደሩበት ጊዜ እንኳ ልሽጣቸው አላለችም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ታነጥፍና ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና ትበጠብጣለች። ከዚያ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዛ፣ የታመመ ሕፃን እንደምታጥብ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ቀስ አድርጋ ታሻቸዋለች። አጥባ ስትጨርስ "እንኪ" ብላ ለሴት ልጇ ታቀብላለች። ማድረቅ የልጅቷ ሥራ ነው። ከደረቁ በኋላ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ለየብቻ በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይጠቀለላሉ፤ እርጥበቱን እንዲመጥላቸውም እናትየው ልብስ ከምታሰምርበት ሰማያዊ ጠመኔ አንድ ስባሪ አብራ ትከትታለች።

ልጅቷ ከቅጥነቷ የተነሳ ስሟ "መርፌ" ሆኖ ቀርቷል። ስሙን ያወጣችው ራሷ እናቷ ናት። "ብዪ እንጂ፣ ከመርፌነት ወደ ክርነት ልትወርጂ ነው እኮ" እያለች ትቀልድባታለች። መርፌ ላውንደሪ ቤት ትሠራለች፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ግን ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርላት ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጎረቤት ቤት ሌባ ገባ። ቁም ሣጥኑን ሰብሮ፣ ፍራሹን ቀዶ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ የቆርቆሮ ሣጥኗን አሰበች። ሌባ ሣጥን ይሰብራል፤ የለበሱትን ልብስ ግን ማን ይተረትራል? ብቻዋን ቁጭ ብላ አሰበችና የልጇን ወፍራም ካፖርት አወረደች። የሁለቱንም ትከሻ ገበር ፈትታ፣ የተጠቀለሉትን ዕቃዎች ከነጠመኔያቸው በስፖንጁ መሐል አስገባችና በዚያ በማይታየው ስፌቷ መልሳ ዘጋችው።

ማታ ልጅቷ ስትመጣ "ይህን ካፖርት ውሃ እንዳታስነኪው። ለማንም እንዳታውሺው" አለቻት።

"ደሞ ምን አረግሽው?"

"ትከሻውን አጠናከርኩልሽ።"

ወዲያው አልነገረቻትም። መርፌ ነገ ላውንደሪ ቤት ገብታ ብትለፈልፈውስ? እሑድ፣ ስናጥባቸው እነግራታለሁ ብላ ተወችው። ወይ እሑድ... ምነው ያ እሑድ ትንሽ ቀደም ብሎ በመጣ!

ዓርብ ዕለት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ስትተኛ መርፌ ከአልጋዋ ሥር አልጠፋችም፤ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ ፀጉሯን ጎነጎነችላት። እናትየው አንደበቷ ተመለሰ፤ እጇም ተመለሰ። ከመውደቋ በፊት የነበረው ሳምንት ግን ከነሌባው፣ ከነካፖርቱ ከአእምሮዋ ተፍቆ ቀረ። ቤቷ በገባች በመጀመሪያው እሑድ ፎጣውን አነጠፈች፣ ውሃውን ለብ አደረገች፣ ሣጥኑን ከፈተች። ውስጡ ከሰማያዊ የጠመኔ ብናኝ በቀር ምንም አልነበረም።

"የታለ?" አለች።

"እማዬ፣ እኔ ሣጥኑን አልነካሁም። ያን ሳምንት ካፖርቴን ስትሰፊ ነበር የዋልሽው፣ እኔ ሥራ ነበርኩ..."

ካፖርቱ ከአጠገባቸው ወንበር ላይ ተጥሎ ነበር። ሁለቱም አላዩትም። ወንድሟ በሩን ተደግፎ "የሣጥኑን ቁልፍ ቦታ የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ" አለ። ይህም በቂ ነበር።

"የእናቴን ዕቃ መልሺ። አለዚያ በሩ ያውልሽ" አለች እናት።

መርፌ ማለች፣ አለቀሰች፣ እግሯ ላይ ወደቀች። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷም ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የተባረረችበትን ንብረት ተሸክማ ወጣች።

የተከራየቻት ክፍል ወለሏ ውሃ የሚያመነጭ ነበረች። ቀን በእንፋሎት ስትቀቀል ትውልና ማታ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ትገባለች። ዝናብ ሲመጣ ሰው ካፖርት ይለብሳል፤ እሷ ታወልቃለች። በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች፤ እሷ ትበሰብሳለች። አብራት የምትሠራው ካውያ ተኳሽ "አብደሻል እንዴ?" ስትላት "እናቴ ውሃ እንዳታስነኪው ብላኛለች" ትላለች። ከእናቷ የቀራት ይህች አንዲት ትእዛዝ ናት። በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዛት፤ ሳሉ ደም አመጣ። ለመድኃኒቱ ያላትን ሁሉ ሸጠች፤ ካፖርቱን ግን እምቢ አለች።

አንድ ጠዋት ካውያ ተኳሿ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። "ልጅዎ ሆስፒታል ተኝታለች። የተከራየችው ክፍል እርጥበት ስላለው ካፖርቱ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ ብላለች። ደሞ... እርስዎን በጣም ትጠይቃለች።"

እናት ልቧ ዘሎ ነበር። እጇም ወደ ጫማዋ ሄዶ ነበር። ኩራት የሚሉት ክፉ ነገር ግን ጎትቶ መለሳት።

"የወሰደችውን ስትመልስ እመጣለሁ በያት" አለችና ካፖርቱን ተቀብላ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

አራት ቀን ተሰቅሎ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ወንድምየው ከሆስፒታል መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

ከቀብሩ በኋላ እናትየው የልጇ ጠረን ያልጠፋበትን ያን ካፖርት ለበሰችው። ትከሻው ከበዳት። ጣቷ ስፌቱን ሲዳብስ ቆመ። አእምሮዋ የረሳውን እጇ አልረሳም ነበር፤ የማን ስፌት እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ምላጭ አነሳችና ተረተረችው። መጀመሪያ ሰማያዊ ዱቄት ወደቀ። ቀጥሎ ለየብቻ የተጠቀለሉት ጨርቆች ወጡ። ሐብሉ አልደበዘዘም፣ ቀለበቱ አልጠቆረም። አንዲት ጠብታ ውሃ አልነካቸውም ነበር... ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ሌባ ገባ ብለው በሩን ሰብረው ገቡ።

ዕጣ ፈንታዋ ነው ይላሉ ሰዎች ሲያጽናኗት። እኔ ግን ዕጣ ፈንታን ያለ ሥራው አልከሰውም። ዕጣ ፈንታ አንድ ሳምንት ከአእምሮዋ ወሰደባት፤ እነዚያን አራት ቀናት ግን በፈቃዷ የሰጠችው እሷ ናት።

ዛሬም ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ አሮጊቷ ፎጣዋን ታነጥፋለች። ለብ ባለው ውሃ ሐብሉን አጥባ፣ ጠብታውን አራግፋ፣ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች።

"እንኪ፣ መርፌ" ትላለች። እጇ እንደተዘረጋ፣ ውሃው ከጣቶቿ እየተንጠባጠበ፣ ረጅም ጊዜ ትቆያለች።